ነጻ ትምህርት ስንት ያስወጣል?

የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች የዕለት ወጪና የድጋፍ ሥርዓታችን፣ ከየካና ከእንጦጦ ግርጌ ሲታይ

(ለፋኩልቲው ማኅበረሰብና ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የንግግሬ ርእስ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነጻ የሆነ ነገር ዋጋ የለውምና። ይሁንና ላለፉት ብዙ ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ ስመላለስ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። በአገራችን ድሃውን ተማሪ ከትምህርት ገበታው የሚያስነሣው፣ ብዙ ጊዜ፣ የትምህርት ክፍያ አይደለም። የሚያስነሣው የታክሲው፣ የምሳው፣ የቱታውና የመመዘኛ ፈተናው ወጪ ነው፤ ከዚህም ሁሉ በላይ፣ በተማረበት ሰዓት ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው። የድጋፍ ሥርዓታችን ግን የተዋቀረው በአብዛኛው ለሌላ ዓይነት ተማሪ፣ ማለትም ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ተማሪ ነው። በየማለዳው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሙያ ኮሌጅ የሚሄደው ሠልጣኝ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው ይህንን ነው።

1. ከራሴ ስሕተት ልጀምር

ከሃያ ዓመት በፊት ግድም፣ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም በትርፍ ጊዜዬ አስተምር ነበር። የክፍሌ ደንብ አጭር ነበረ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የዘገየ አይገባም። ደንቡን የማወጣው ለተማሪዎቼ ጥቅም እንደሆነ አምን ነበር፤ አሁንም ሰዓት ማክበር ጥሩ ነገር መሆኑን አልክድም።

አንዲት ሠልጣኝ ነበረች። ስሟን አልጠቅስም። ትዘገያለች። አንድ ቀን በሩ ላይ መለስኋት፤ ሌላ ቀንም መለስኋት፤ ከሦስተኛው በኋላ መምጣቱን ተወችው። በዓመቱ መጨረሻ ያቋረጡ ሠልጣኞች ዝርዝር ሲሞላ ቅጹ ‹‹ያቋረጠችበት ምክንያት›› የሚል ዓምድ ነበረው። ‹‹በራሷ ፈቃድ›› ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም።

ከወራት በኋላ የክፍል ጓደኛዋ እግረ መንገዷን ነገረችኝ። ልጅቱ የምትኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ገና ሳይነጋ ከእናቷ ጋር ወደ ጫካው ወጥታ ቅጠል ትጠርጋለች፤ ሸክሙን አውርደው ከሸጡ በኋላ እናቷ ከሽያጩ ላይ የታክሲ ትሰጣታለች። ቅጠሉ ቶሎ ከተሸጠ በሰዓቷ ትደርሳለች፤ ካልተሸጠ በእግሯ ትመጣለች። የእኔ ደንብ የሚቀጣው እንግዲህ ስንፍናን አልነበረም። የሚቀጣው የዚያን ዕለት የቅጠል ገበያ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። ‹‹በራሷ ፈቃድ›› የሚለው ጽሑፍ በመዝገብ ላይ ቀርቷልና ነው። እንደዚያ ያሉ መዛግብት ሲደመሩ ሪፖርት ይሆናሉ፤ ሪፖርቱ ደግሞ በጀት ይወስናል። ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ‹‹ፈቃድ›› ከሆነ፣ ለፈቃድ በጀት የሚመድብ ማን ነው?

2. ተራራውና ከተማው

እንጦጦን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው ይህ ተራራ ከተማዪቱ ከመቆርቆሯ በፊት የአፄ ምኒልክ መቀመጫ ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ የምናየው የባሕር ዛፍ ደን በእርሳቸው ዘመን ከውጭ በመጣ ዛፍ የተጀመረ ሲሆን፣ ማገዶ ያጣችውን አዲስ ከተማ ካለችበት እንዳትነቀል አድርጓታል ይባላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከተማው ታች፣ ማገዶው ላይ ሆነ። በመካከል ያለውን ቁልቁለት በጀርባቸው የሸፈኑት ሴቶች ናቸው።

እነዚህ ሴቶች ለጥናት እንግዳ አይደሉም። የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ አዲስ አበባ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ገና በ1980ዎቹ አጥንቶ ጽፏል፤ በኋላም ‹‹የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር›› ተመሥርቶ አባላቱ ከሸክም ወደ ሽመና እንዲሻገሩ ተሞክሯል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት የተራራው መልክ በእጅጉ ተለወጠ። ይሁንና የቤተሰብ ታሪክ እንደ መንገድ በአንድ ዓመት አይነጠፍም። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ እስከ ኮተቤ ባሉት ዳገታማ ሰፈሮች የምታገኟቸው ብዙ ወጣቶች የእነዚያ እናቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

እነዚህ ወጣቶች የት ይማራሉ? ከ12ኛ ክፍል በኋላ የአብዛኞቹ ቅርብ በር የሙያ ኮሌጅ ነው። በየካ ያለው ምሥራቅ ፖሊቴክኒክ ወይም ስሙን ከተራራው የወሰደው እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም በየሰፈሩ ካሉት የግል ኮሌጆች አንዱ። የመንግሥቱ ኮሌጅ የሥልጠና ክፍያ ከግሉ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ስለዚህ ‹‹ዕድሉ አለ፤ የቀረው የእነርሱ ጥረት ነው›› እንላለን። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡን በጥንቃቄ ማየት የሚያስፈልገው።

3. ድጋፉ ለማን ተቀረጸ?

የኢትዮጵያ መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን፣ እናንተ ‹‹ኮስት ሼሪንግ›› የምትሉትን፣ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351 ደነገገ፤ በዚያው ዓመት ደንብ ቁጥር 91 ዝርዝሩን አወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በደንብ ቁጥር 154 ተተካ። የሥርዓቱ አስተሳሰብ ግልጽ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ይጋራል። ግን አሁን አይከፍልም። ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጣል። በመምህርነት ለሚያገለግል ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ ተበጅቷል።

ይህን ሥርዓት ብዙ ጊዜ እንተቸዋለን፤ የአሰባሰቡ ድክመት፣ የምስክር ወረቀት መያዣ መሆኑ፣ ሌላም ሌላም። ዛሬ ግን መልካም ጎኑን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ሥርዓቱ አንድ ትልቅ እውነት ተቀብሏል፤ ተማሪ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ካልበላና ካላደረ አይማርም። ስለዚህ የምግብና የመኝታ ወጪ የትምህርት ወጪ አካል ነው ብሎ በሕግ ጽፏል። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል መንግሥት ይህንኑ እውነት በገበያው ዋጋ እንደገና አረጋገጠ።

አሁን አንድ ተመሳሳይ ንጽጽር እናድርግ። ሁለት እኅትማማቾች አሉ እንበል፤ ቤታቸው ፈረንሳይ ነው። ታላቂቱ ፈተናውን አልፋ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ታናሺቱ አላለፈችም፤ ፖሊቴክኒክ ገብታ የኤሌክትሪክ ሙያ ትማራለች። ለታላቂቱ ምግብ መንግሥት በቀን 100 ብር ይመድባል፤ አልጋም ይሰጣል። የታናሺቱ ምሳ በመንግሥት መዝገብ ዋጋው ስንት ነው? በአብዛኛው ዜሮ ነው። ሆዳቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ፣ የእናታቸው አቅም አንድ፤ የሚለያቸው ግን የሚማሩበት ተቋም ዓይነት ነው።

‹‹ለቀሩት ጥቂቶች ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?›› የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። የአቅም ማሻሻያው ፕሮግራም ተጨማሪ ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢያስገባም፣ የሥዕሉ መሠረት አይለወጥም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ በጀቱና የድጋፍ ሕጉ ግን የተሰፋው በጥቂቱ ልክ ነው። ብዙኃኑ ‹‹ቀሪ›› ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ከታች በኩልም ክፍተት አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ያቀርባል፤ የደንብ ልብስና ደብተርም እንዲሁ። ይህ በዘመናችን ከተሠሩት የከተማ ፖሊሲዎች ሁሉ ፍሬው ፈጥኖ ከታየው አንዱ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ምገባው ግን 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። እንግዲህ የእንጦጦ ግርጌዋ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ትመገባለች፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባችም ትመገባለች፤ በመካከልና በጎን ባለው ሁሉ፣ በተለይም በሙያ ኮሌጅ፣ ጉዳዩ የእናቷ ነው።

4. የቀኑ ሒሳብ

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ብቻ ነው የምይዛቸው፤ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ተኩት።

ሠልጣኟ ከፈረንሳይ ተነሥታ በአራት ኪሎ በኩል ወይም በሌላ መንገድ ወደ ኮሌጇ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ስትመለስም ሁለት። ምሳ ዕቃ ካልያዘች ወጥ የሌለው ነገር፣ ፓስቲም ሆነ ሻይ በዳቦ፣ ትበላለች። ለመጓጓዣና ለምግብ በቀን 120 ብር ብንይዝ፣ በወር 22 የትምህርት ቀናት ቢኖሩ፣ 2,640 ብር ይሆናል። ይህ ገና ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድና በየወሩ የምትገዛውን ሞዴስ ሳይጨምር ነው። ሦስት ልጆች ያሏት፣ ልብስ በማጠብ ወይም ጉሊት በመቸርቸር የምትኖር እናት ከዚህ ቤት ውስጥ ይህን ገንዘብ በየወሩ ከየት ታወጣለች?

በዚህ ላይ የሙያ ትምህርት የራሱ የሆነ ባሕርይ አለው። በትብብር ሥልጠና መርሕ መሠረት የሥልጠናው ሰፊ ድርሻ፣ እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው፣ በድርጅት ውስጥ በተግባር እንዲሰጥ ይፈለጋል። ይህ ትክክለኛ መርሕ ነው፤ ብየዳን በሰሌዳ ላይ የተማረ የለም። ነገር ግን ድርጅቱ ቃሊቲ ቢሆንስ? ከየካ ዳገት ቃሊቲ ለመድረስ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ቱታና ሴፍቲ ጫማ ይጠየቃል። ድርጅቱ ካልከፈላት፣ ኮሌጁም ካልደጎማት፣ የተሻለ የተባለው የሥልጠና ዘዴ ለድሃዋ ሠልጣኝ የባሰ ውድ ይሆናል። በመጨረሻም የብቃት ምዘናው፣ ማለትም ሲኦሲው፣ አለ። ሁለት ዓመት ለፍታ የምዘና ክፍያ አጥታ ወይም አንድ ጊዜ ወድቃ ድጋሚ መክፈል ተስኗት ያለ ምስክር ወረቀት የቀረች ሠልጣኝ፣ በአገር ደረጃ ሲታይ ምንኛ ከባድ ኪሳራ ናት! ማሽኑ ተገዝቷል፤ የአሠልጣኙ ደመወዝ ተከፍሏል፤ ፍሬው ግን በር ላይ ቀርቷል።

አንድ ነገር ደግሞ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም። ሠልጣኟ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ወይም ገበያ ላይ ብትሆን ኖሮ ታመጣው የነበረው ገቢ ነው። ለባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ መማር ማለት አለመሥራት ማለት አይደለም፤ ቀድሞም አይሠራምና። ለድሃ ቤተሰብ ግን አንድ ጥንድ እጅ ከምድጃው ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ድሃዋ ሠልጣኝ የምትከፍለው ከባለጸጋዋ ይበልጣል፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ‹‹ነጻ›› ትምህርት ላይ ተቀምጠው ሳለ።

5. የቆሎ ተማሪው ያስተማረን

‹‹ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ እኛ በችግር ተምረን ነው እዚህ የደረስነው›› የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን የታሪካችንን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነቡት።

የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያለ ቁራሽ ይለምናል። እኛ የምናስታውሰው የተማሪውን ጽናት ነው፤ ውሻውን፣ ብርዱን፣ ቁንጫውን። የምንረሳው ግን የሰፈሩን ሴት ናት። ከቀረባት እንጀራ ቆርሳ የምትሰጠው እርሷ ናት። ያ ትምህርት ለዘመናት የቆየው ተማሪው ስለታገሠ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ የተማሪን የዕለት ጉርስ የራሱ ግዴታ አድርጎ ስለ ተቀበለ ነው። ሁለት ነገሮችንም ልብ በሉ። አንደኛ፣ ድጋፉ ዕለታዊ ነበረ፤ ማንም ለቆሎ ተማሪ ‹‹ስትመረቅ እንሰጥሃለን›› አላለውም። ሁለተኛ፣ ልመናው አላዋረደውም፤ የተማሪነት ወግ ነበርና። የንጉሥ ልጅም ሆነ የአራሽ ልጅ ተማሪ ከሆነ አኮፋዳ ያነግታል ይባል ነበር። ዛሬ ዕለታዊነቱንም ክብሩንም ጥለን ያስቀረነው ችግሩን ብቻ ነው።

6. ሌሎች ምን አደረጉ?

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ከቅርብም ሁለት።

በአሜሪካ ‹‹ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ›› የሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ተማሪያቸው ከእኛ የፖሊቴክኒክ ሠልጣኝ ጋር ይመሳሰላል፤ ከቤቱ ተመላላሽ፣ ብዙ ጊዜም ሠራተኛ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የማይመለስ የድሃ ተማሪ ድጎማ፣ ‹‹ፔል ግራንት›› የሚባለውን፣ ይሰጣል። ሆኖም ድጎማው እያለም ብዙዎች ያቋርጡ ነበር። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራም ጀመረ። ከድጎማው በላይ የቀረውን የትምህርት ክፍያ ሸፈነ፤ ለመጻሕፍት ረዳ፤ የከተማ መጓጓዣ ካርድ ሰጠ፤ ከሁሉም በላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ በቅርብ የሚከታተለው አማካሪ መደበ። ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በፕሮግራሙ ካሉት 40 በመቶ ሲመረቁ ከሌሎቹ የተመረቁት 22 በመቶ ነበሩ። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ጨመረ፤ ለአንድ ምሩቅ የሚወጣው ግን ቀነሰ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለበጀት ኃላፊዎች ደግማችሁ አንብቡላቸው። ዝርዝሩን ስታዩ ደግሞ ከነገሮቹ አንዱ የታክሲያችን ጉዳይ መሆኑን ትገነዘባላችሁ፤ የመጓጓዣ ካርድ።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ፣ የኬንያው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌላ ለሙያ ኮሌጅ ተማሪዎችም ብድርና ድጎማ ይሰጣል። የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍም እንዲሁ የሙያ ኮሌጆችን ያቀፈ ሲሆን፣ ለመኖሪያና ለመጓጓዣ የሚሆን አበልን ያካትታል። ሁለቱም እንከን የለሽ አይደሉም፤ የክፍያ መዘግየት በየጊዜው ያስነሣባቸዋል። ነገር ግን ‹‹የሙያ ኮሌጅ ሠልጣኝ ተማሪ ነውን?›› ለሚለው ጥያቄ በሕግ ‹‹አዎን›› ብለው መልሰዋል።

7. ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ‹‹ድጎማ ጥገኝነትን ያመጣል›› የሚል ነው። ጥገኝነት የሚመጣው ማብቂያ ከሌለው እርዳታ ነው። የሥልጠና ድጋፍ ግን ቀን ተቆርጦለታል፤ ሥልጠናው ሲያልቅ ያልቃል። ሙያ ይዛ የወጣች ኤሌክትሪሺያን ለታናናሾቿ የታክሲ ትሰጣለች። እውነተኛው ጥገኝነት ያለ ሙያ ቀርቶ ዕድሜ ልክ የዘመድ እጅ ማየት ነው።

ሁለተኛው ‹‹ድሃው ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?›› የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የተለመደው መልስ ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ ማለት ነው። ወጣቱ በወረዳው ደጅ ሦስት ቀን ይመላለሳል፤ ሦስት የትምህርት ቀን ያልፈዋል፤ በመጨረሻም ድህነቱን በማኅተም አስመትቶ በኮሌጁ መስኮት ያቀርባል። ብዙዎች ከዚህ ይልቅ ማቋረጥን ይመርጣሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ሌላ መንገድ ግን አለ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲተገበር፣ ተጠቃሚ ቤተሰቦች በየሰፈሩ ነዋሪ ተሳትፎ ተለይተዋል። መዝገቡ አለ። ቤተሰቧ በዚያ መዝገብ ላይ ያለ ሠልጣኝ ያለ ሌላ ማስረጃ ተጠቃሚ ትሁን። ምግብን በተመለከተ ደግሞ ከትምህርት ቤት ምገባው እንማር፤ እዚያ አንድም ሕፃን ድሃ መሆኑን አስመስክር አልተባለም። ሁሉም በአንድ ወንበር ይበላል። ክብር ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ‹‹ገንዘብ የለም›› የሚል ነው። እስቲ እናስላ። በአንድ ኮሌጅ ለ500 ሠልጣኞች፣ በዓመት ለ200 ቀን፣ በቀን የ60 ብር ምሳ ብናቀርብ 6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ትንሽ ነው አልልም። ነገር ግን ወርክሾፑን፣ ማሽኑንና የደመወዙን ወጪ ከጎኑ አስቀምጡት፤ ከዚያም ከተመዘገቡት ውስጥ ሳይጨርሱ የሚወጡትን ቁጠሩ። የባከነውን የምናወራው ስለ ምሳ ስንጠየቅ ብቻ መሆን የለበትም። መጓጓዣንም በተመለከተ ከተማችን ሰውን ያለ ክፍያ ወደ ሥራው ማድረስ ታውቅበታለች። የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች የመንግሥት ሠራተኛውን መታወቂያ እያዩ በየማለዳው ያጓጉዛሉ። ደመወዝ ያለውን ሰው በነጻ ካሳፈርን፣ ደመወዝ የሌላትን ሠልጣኝ በመታወቂያዋ ለማሳፈር የሚያግደን የሐሳብ እንጂ የአውቶቡስ እጥረት ብቻ አይመስለኝም።

8. ከነገ ጀምሮ

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ መጠበቅ የለብንም። ለሕግ አውጪው የምለው አጭር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግብና መኝታ የትምህርት ወጪ ከሆነ የሠልጣኝም ምሳና መጓጓዣ የትምህርት ወጪ ይባል፤ በስጦታም ሆነ በወጪ መጋራት ውል ይሸፈን። ዘዴው ያከራክረን፤ መርሑ ግን አያከራክረን።

ለኮሌጆች አመራር የምለው ሦስት ነው። የመጀመሪያው፣ ቀሪ መቁጠሪያውን ለቅጣት ብቻ አትጠቀሙበት። አንዲት ሠልጣኝ በሳምንት ሁለት ቀን ከቀረች ከመቅጣታችሁ በፊት አንድ ሰው ስልክ ይደውልላት። ሁለተኛው፣ አነስተኛ የአስቸኳይ ጊዜ ሣጥን ይኑራችሁ። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስቀረው ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ የአንድ ሳምንት የታክሲ ወይም የአንድ ምዘና ክፍያ ነው። ሦስተኛው፣ የትብብር ሥልጠና ቦታ ስትመድቡ የሠልጣኙን ሰፈር ተመልከቱ፤ የየካውን ልጅ መገናኛ ወይም ኮተቤ ያለ ድርጅት ከተገኘለት ቃሊቲ አትላኩት።

ለእናንተ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለኛ ለመምህራን ደግሞ የእድር ልጆች መሆናችንን ላስታውስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በየወሩ አንድ ማኪያቶ የሚያህል መዋጮ በዚህ ፋኩልቲ ቢሰበሰብ በቅርባችን ባለው ኮሌጅ የጥቂት ሠልጣኞችን የምዘና ክፍያ ይሸፍናል። ይህ ፖሊሲን አይተካም። ፖሊሲው እስኪመጣ ግን ሰው ያተርፋል። ጥናት ለምትሠሩትም አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ በነጻ ልስጣችሁ፤ በአንድ ኮሌጅ ያቋረጡትን ሠልጣኞች ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ለምን እንደቀሩ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ‹‹በራሳቸው ፈቃድ›› ተብሎ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ።

በዚሁ ላብቃ። ያቺን ሠልጣኝ ዳግም አላገኘኋትም። አሁን አርባዎቹን ልትጠጋ ትችላለች፤ ለኮሌጅ የደረሰች ልጅም ልትኖራት ትችላለች። ልጅቱ ነገ ጧት ከዚያው ዳገት ወርዳ ከእናንተ ወይም ከእኔ ክፍል በር ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ትቆም ይሆናል። በሩን ከመዝጋታችን በፊት ቢያንስ በምን እንደመጣች እንጠይቃት።